የእንስሳት መርማሪ ታሪክ ስጽፍላቸው ልጆቹ ሌባውን ቀድመው ያውቁብኛል፤ ምን ላድርግ?

የሐይቅ ዳር እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ቤቴ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ 7። ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ልጆች ይጨመሩና ስምንትም ዘጠኝም ይሆናሉ፣ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ታሪክ አነብላቸዋለሁ። የማውቀውን ተረት ሁሉ ጨረስን። አሁን የሚጠይቁኝ «መርማሪ ያለበት» ነው። አንድ ነገር ይጠፋል፣ እንስሳት ይጠረጠራሉ፣ አንዱ እንስሳ ፍንጭ እየለቀመ ይደርስበታል፣ እንደዛ ዓይነት። በእንግሊዝኛ ሞልቷል። በአማርኛ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ብፈልግ ብፈልግ እጄ አልገባም፣ ስለዚህ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ መርማሪዋን ድመት አደረግኳት። የአንዲት ሴትዮ ድፎ ዳቦ ሌሊት ጠፋ። ተጠርጣሪዎቹ አህያ፣ ዶሮ፣ ጦጣና ጅብ ነበሩ። ጅብ የሚለውን ቃል ሳልጨርሰው ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጅቡ ነው! ጅቡ ነው!» አሉ። እውነትም ጅቡ ነበር። በሁለተኛው ታሪክ ጅቡን ትቼ ሌባዋን ቀበሮ አደረግኩ፣ እሷንም ገና ስትገባ ያዟት። በሦስተኛው ጦጢትን መርማሪ አደረግኳት። ልጄ መሃል ላይ ትራሷን አቅፋ ተነሳችና «እማ፣ ጦጣ መቼም አትሸወድም እኮ» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች። ከዛን ቀን ጀምሮ ይቺ ንግግሯ ከጭንቅላቴ አልወጣም አለች።

እና ሌባውን እንዴት ነው የምደብቀው? መርማሪስ የትኛው እንስሳ ቢሆን ያምራል? ሌላም አለ። ትንሹ ልጄ ጅብ በተነሳበት ቀን ማታ ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም። ጅቡን ጨርሶ ላውጣው እንዴ?

መረብ ጣይ፦

ሰላም እህቴ። እኔ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው የምሠራው። ማታ መረብ እንጥላለን፣ ንጋት ላይ እናወጣለን። ስለ መጻፍ ብዙ አላውቅም፣ ግን በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል።

አንድ ሌሊት ዝናብ ሲጥል አድሮ ሳሩ በሙሉ ርሶ ነበር። ጠዋት ያወጣነውን አሳ ጀልባው አጠገብ በሁለት ሳፋ አደረግነው፣ ባንዱ ቆሮሶ፣ ባንዱ ሦስት ትልልቅ አምባዛ። ከዛ ሻይ ልንጠጣ ሄድን። ስንመለስ አምባዛው ሁለት ሆኗል። ጓደኛዬ መጀመሪያ የተነሳው አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች ላይ ነው፣ መቼም እዛ የመጣ ሰው ያውቃቸዋል፣ ልጅ የሚያክል ቁመት ይዘው፣ ያን ከረጢታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አሳ የሚበለትበት ቦታ ቆመው ይጠብቃሉ። ቀጥሎ አሳ የሚበልት አንድ ልጅ ላይ ዞረ። ልጁ «ወላሂ አልነካሁም» እያለ እንባው መጣ።

እኔ በዚህ መሃል ሳሩን አየሁት። ከሳፋው ጀምሮ የሆነ ነገር የተጎተተበት መስመር አለ። ሳሩ ወደ ጎን ተኝቷል፣ ላዩ ላይ ንፍጥ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ነገር ተለጥፎበታል። ደም የለም። ላባ የለም። የእግር ዱካ የለም። መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ሐይቁ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሸምበቆ ሥር አገኘሁት፣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ራሱ ነው የሄደው!

አምባዛ እንዲህ ነው። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት ክፍል ውስጡ አለው። ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ከውሃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል፣ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ በደረቱ በኩል ባሉት ጠንካራ ክንፎቹ መሬት እየቆነጠጠ ይሳባል። ቆሮሶ ይህን አይችልም። ስለዚህ የቆሮሶው ሳፋ ምንም አልጎደለበትም። አባ ኮዳ ቢሆን ኖሮ እኮ ለመዋጥ የሚቀለውን ቆሮሶውን ነበር የሚያነሳው። ደግሞ አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙ ሰዎች አሉ፣ ሌባ ቢመጣ ቆሮሶውን ትቶ ምን ያደርግለታል?

ልጆችሽ «ማነው የሰረቀው» እያሉ ይጨነቁ። የሰረቀ የለም።

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ ይቺ ያልሻት ነገር ክፍል ውስጥም ታጋጥመኝ ነበር።

በተረት እንስሳው ገና ስሙ ሲጠራ ሥራው ይታወቃል። ጅብ ካለ ሆድ አለ። ጦጣ ካለች ብልሃት አለ። አህያ ካለች ተበዳይ አለች፣ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችው እሷ ናት። እኛም በአባባ ተስፋዬ ተረት በቴሌቪዥን ያደግነው፣ ልጆችሽም ካንቺ አፍ የሰሙት እንዲሁ ነው፣ ተረት የሚሠራውም በዚህ መንገድ ነው፣ ጉድለት የለበትም። የምርመራ ታሪክ ግን ከድርጊቱ ተነስቶ ወደ አድራጊው ይሄዳል። አንቺ የጻፍሽው ተረት ነው፣ መርማሪ የተጨመረበት ተረት። ስለዚህ ልጆቹ በትክክል ነው የመለሱልሽ።

ጅቡን አታውጪው። ይልቅ «ጅቡ ነው!» የሚለውን ጩኸት ታሪኩ ውስጥ አስገቢው። ሰፈሩ ሁሉ ይጩህ። ዶሮዋም በጓም ውሻውም «ሌላ ማን አለ?» ይበሉ፣ ሊያባርሩት ይነሱ። መርማሪው ብቻ «ማን አየው?» ብሎ ይጠይቅ። አንድም ያየ የለም! ያኔ በረንዳሽ ላይ ያሉት ልጆች ራሳቸው ከከሳሾቹ ወገን ሆነው ይገኛሉ፣ ቀስ በቀስም ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ልብ ብለሽ ብታይው ሙሉ የምርመራ ታሪክ ነው። የበላችው አይጧ፣ የተመታው ዳዋው። አንቺ መጀመሪያ ዳዋው ሲመታ አሳዪ፣ አይጧን በኋላ አምጪያት።

ለትንሹም ልጅ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ጅቡ በሐሰት ተከሶ ጥግ ላይ ጆሮውን ጥሎ ከተቀመጠ ልጁ ያዝንለታል፣ ያዘነለትን ደግሞ ብዙ አይፈራውም።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር። የኛ አገር የራሱ የምርመራ ሥርዓት ነበረው እኮ። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰብና አውጫጭኝ ይቀመጣል፣ አፈርሳታም ይሉታል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ለእንስሳት ስጪያቸው! ዋርካ ሥር ይሰብሰቡ። ላሟ የምትታለብበት ሰዓት እየደረሰ ነው፣ ዶሮዋ ጫጩቶቿን ትታ ነው የመጣችው፣ የሌሊት ወፏ ፀሐይ ሳይወጣ መግባት አለባት። ሁሉም ይቸኩላል፣ የቸኮለ ደግሞ ያልሆነውን ይፈርዳል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» እያልን በጅብ እንተርታለን፣ እዚህ ጋ ቸኩለው የሚነክሱት ሌሎቹ ናቸው፣ ጅቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ሕግ ብቻ አትጣሺ። መርማሪው ያየውን ልጁም ማየት አለበት። መጨረሻ ላይ «ለካ ኪሱ ውስጥ ላባ ነበር» ብለሽ ድንገት ከመዘዝሽ ልጆቹ እንደተታለሉ ይሰማቸዋል፣ ልክም ናቸው። ላባውን በሁለተኛው ገጽ፣ ሌላ ነገር እያወራሽ፣ እግረ መንገድሽን ጥለሽው እለፊ።

የጉሬዛ ወዳጅ፦

የመምህሩን ሐሳብ በጣም ወድጄዋለሁ። እኔ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ የምጨምረው ስለ ፍንጭ ነው። ከሁሉ የተሻለው ፍንጭ ከእንስሳው አካል የሚወጣ ነው። ልጁ ነገ አሞራ ገደል ፓርክ ሄዶ በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል።

ለምሳሌ ጉሬዛና ጦጣ። ሁለቱም እዛው ዛፎች ላይ አሉ። ጉሬዛዋ ጥቁርና ነጭ ናት፣ ጅራቷ ጫፉ ላይ ነጭ ጉፍታ አለው፣ ከሩቅ ትታያለች። ዳቦ ከቤት ጠፋ እንበል፣ ምስክሮቹ በሙሉ «መስኮቱ ጋ ጉሬዛ አይተናል» ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ እውነትም እዛ ነበረች። አሁን የመስኮቱን መስታወት እዩ፣ ሊጥ የነካ የእጅ አሻራ አለ፣ አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ! ጉሬዛ አውራ ጣት የላትም ማለት ይቻላል፣ በቦታው ያለችው ትንሽ ጉጥ ብቻ ናት። ቅርንጫፍ የምትይዘው በአራቱ ጣቶቿ እንደ መንጠቆ አድርጋ ነው። ጦጣ ግን አውራ ጣት አላት። ደግሞም ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በሊታ ናት፣ ዳቦ ሰርቆ የመሮጥ ጠባይ የጦጣ ነው፣ ሐይቅ ዳር ምሳ የበላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የልጅሽም ቅሬታ በዚሁ ይመለሳል። ጦጢት ተሸወደች። ሁሉን ነገር አስባ ጨርሳ አውራ ጣቷን ረሳች።

ሌሎችም አሉ፣ እንደመጣልኝ ልጻፋቸው። ድመት ስትሄድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች፣ ጭቃ ላይ የጥፍር ምልክት አይቀርም። ውሻና ጅብ ግን ጥፍራቸው ይታተማል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይተልቃል፣ ኩሱ ደግሞ አጥንት ስለሚበላ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል (ልጆች ይህን ሲሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ አይቀርም)። አባ ኮዳ ሙቀቱን ለማብረድ ኩሱን የራሱ እግር ላይ ስለሚጥል እግሩ ኖራ የተቀባ ይመስላል፣ እሱ የቆመበት ቦታ ነጭ ነገር ይቀራል። ድምፅም የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚሰማው መንቁሩን ሲያንቋቋ ነው። ስለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆናል፣ ሁሉን ያያል ግን ማስረዳት አይችልም። ጉማሬም አለ። ሁሉም ይፈራዋል፣ ማታ ከሐይቁ ወጥቶ ሲመላለስ ይታያል፣ የሚበላው ግን ሳር ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ባለፈው እኔም እንዲህ እውቀት በእውቀት አድርጌ ጽፌላቸው ልጆቼ «ይሄ የሳይንስ ፈተና ነው እንዴ?» አሉኝ። ልጅ መጀመሪያ የሚወደው ማሳደዱን፣ መደበቁን፣ «ዝም በሉ፣ መጣ!» የሚለውን ነው። ለ7 ዓመት ልጅ ሦስት ተጠርጣሪ ይበቃዋል፣ ከዛ ካለፈ ይምታታበታል። ፍንጭም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። በተለይ ደግሞ እንስሶቹ ይናገሩ። አይናገሩም ተብሎ «ውሻው በጅራቱ አመለከተ» ብቻ ከሆነ ታሪኩ ሕይወት የለውም። መርማሪና ተጠርጣሪ ሲጨቃጨቁ ነው ልጅ አፉን ከፍቶ የሚሰማው።

የጉሬዛ ወዳጅ፦

ይናገሩ እንጂ! እኔም አልተቃወምኩም። ይናገሩ፣ ባርኔጣም ያድርጉ፣ አካላቸው ግን የራሳቸው ይሁን ነው ያልኩት። ውሻ መርማሪ ከሆነ ቀይ መሀረብ አረንጓዴ ሳር ላይ ወድቆ ላያየው ይችላል፣ ውሻ ቀይንና አረንጓዴን አይለይም። ግን ያሸተዋል። ሰው ያየውን እሱ ሳያይ፣ ሰው ያልደረሰበትን እሱ በአፍንጫው ሲደርስበት፣ ታሪኩ የሚጥመው እዛ ጋ ነው። ሦስት ተጠርጣሪ በሚለው ግን እስማማለሁ፣ ልክ ነህ።

የጋሪዋ ልጅ፦

መርማሪ ማን ይሁን ላልሽው እኔ አንድ አለችኝ። አህያ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለው ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ከተማችን ውስጥ ጀምሮ ነበር። በቀለም ያሸበረቀ ጋሪ፣ ውስጡ መጽሐፍ የተደረደረ። ጋሪው ሲቆም እንሮጥ ነበር። እኔ ቤት የትምህርት ቤት መማሪያ ካልሆነ ሌላ መጽሐፍ አልነበረም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል ያለበት የተረት መጽሐፍ የያዝኩት ከዛ ጋሪ ነው። እኛ ስናነብ አህያዋ ጆሮዋን አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ አድርጋ ቆማ ትጠብቃለች። ያን ጊዜም እንደምታዳምጠን ነበር የሚመስለኝ።

አሁን አስቢው። አህያ ሰፈር ለሰፈር ትዞራለች፣ ማንም ልብ አይላትም፣ ሰው ፊቷ ሁሉን ያወራል። ሁለቱን ጆሮዎቿን ለየብቻ ታዞራለች። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ አንገቷን ሳታዞር ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፣ የማታየው ልክ ከጀርባዋ ያለውን ነው (ሌባው እዛ ጋ ይደበቅ!)። አንዴ የሄደችበትን መንገድ አትረሳም። ደግሞ በተረት ሁሌ ሞኝና ተበዳይ ናት፣ ስለዚህ ማንም ልጅ ቀድሞ አይጠብቃትም። መጽሐፍ የምትጎትት አህያ መርማሪ ብትሆን እኔ ለልጄ ዛሬውኑ አነብላታለሁ።

የሐይቅ ዳር እናት፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! መምህር፣ «አንቺ የጻፍሽው ተረት ነው» ያሉኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነዎት። የጋሪዋ ልጅ፣ እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ከዛ በኋላ ስለሆነ ጋሪውን አላየሁትም፣ የጻፍሽውን ሳነብ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። አህያዋን ወስጃታለሁ።

መረብ ጣይ፣ ያንተን አምባዛ ልጽፈው ነው፣ ፈቀድክልኝ? አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ምን ያህል ርቀት ነው የተሳበው?

መረብ ጣይ፦

ውሰጂው፣ ያንቺ ነው። እኔ ያየሁት ከዚህ እስከዛ የሱቅ በር ያህል ቢሆን ነው፣ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከዛ በላይ አታስኪጂው። ዝናቡን ደግሞ አትርሺ፣ ደረቅ መሬት ላይ እንዲህ አይሄድም።

የሐይቅ ዳር እናት፦

ቅዳሜ አነበብኩላቸው፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ተጠርጣሪዎቹን ሦስት አደረግኳቸው፣ አባ ኮዳ፣ ጉማሬና ጅብ። ጅቡን ሳነሳ እንደተለመደው «ጅቡ ነው!» ብለው ጮሁ፣ እኔም ቀጥዬ «ዶሮዋም 'ጅቡ ነው!' አለች» ብዬ አነበብኩ። ደንግጠው ተያዩ። ዋርካው ሥር አውጫጭኙ ላይ ስደርስ ምንጣፉ ላይ እየተሳቡ እግሬ ሥር ደርሰዋል። ዝናቡን መጀመሪያ ላይ ነው የጣልኩት፣ አህያዋ «ጋሪዬ ጭቃ ነካው» ብላ ስታማርር። ሳሩ ላይ ያለውን መስመር አህያዋ ስታይ ደብተሩን ዘጋሁትና «በቃ፣ እናንተ ንገሩኝ» አልኳቸው።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዛ አንድ የጎረቤት ልጅ አለ፣ 8 ዓመቱ ነው፣ ቤት ውስጥ ሲዳምኛ ስለሚያወሩ አማርኛው ላይ ትንሽ ስለሚያፍር ብዙም አይናገርም። እጁን አወጣና «ዝናብ ያልሽው ለምንድነው?» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። እሱ ግን መስመሩን በጣቱ ምንጣፉ ላይ ሠራ፣ ከሳፋው ጀምሮ። «ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው» አለ። «ሌባ ከሆነ ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም?»

ያኔ ልጄ ከትራሷ ላይ ዘላ ተነሳች። «ማንም አልሰረቀም! ቤቱ እኮ እዛ ነው፣ ወደ ቤቱ ነው የሄደው!»

ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ሁለት ልጆች አላመኑም፣ «አሳ አይሄድም» ብለው ተከራከሩ፣ ጠዋት አሞራ ገደል ወስጃቸው የአምባዛ ቆዳ ቅርፊት እንደሌለው አይተው፣ ጢሙንም በጣታቸው ነክተው መጡ።

ትንሹ ልጄ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበው። ማታ ላስተኛው ስል «ጅቡን ይቅርታ ጠየቁት?» አለኝ። ያን አልጻፍኩትም ነበር። አሁን እየጻፍኩት ነው። ዶሮዋ ይቅርታ መጠየቅ ትፈልጋለች ግን በጣም መጠጋት ትፈራለች፣ እዛ ላይ ቆሜያለሁ።

መረብ ጣይ፣ ሌላ በዓይንህ ያየኸው ካለ እባክህ ላክልኝ።

መረብ ጣይ፦

አለ። የተቀደደ መረብ ነው። ቀዳዳው ሰው የሚያሾልክ ነው፣ ጠርዙ ግን በቢላ የተቆረጠ አይመስልም። ፎቶ አንስቼዋለሁ። ማታ ሥራ ሳልወጣ እጽፍልሻለሁ።